የተዘቀዘቀ ነጠላ

ሐምሌ 3 ቀን 2016፣ ረቡዕ

አዲሳለም ተይዛለች።

ከሰዓት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ደወለች። «እማዬ፣ ቤት ድረስ መጥተው ወሰዱን፣ ደህና ነን፣ ስልኩ የሰው ነው» አለችና ተዘጋ። መልሼ ስደውል አንዲት ሴትዮ በአረብኛ ታወራለች። «በማርያም፣ ልጄን አገናኚኝ» እያልኩ ለመንኳት፣ እሷ ያንኑ ትደግማለች። ስልኩን ይዤ ወደ ዓሊማ ሱቅ ሮጥኩ። ዓሊማ ጎረቤቴ ናት፣ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጅዳ ሠርታ የተመለሰች ወሎዬ ስለሆነች አረብኛ ትችላለች። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችና «ስልኩ ዝግ ነው ነው የምትለው፤ ማሽን ናት ፀጋ፣ አትለምኛት» አለችኝ።

ይህን ለማን አወራለሁ? ሰው ሲጠይቀኝ «ሳዑዲ ነች፣ ጥሩ ትሠራለች» እያልኩ ነው የኖርኩት። በየመን በኩል በጀልባ፣ ያለ ወረቀት እንደገባች ከዓሊማና ከንስሐ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ መሸሻ ያውቅ ነበር፣ እሱም ሞቷል። ስለዚህ እዚህ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

«ወሰዱን» ነው ያለችው። እሷን፣ ባሏን፣ ሀያምን።

ሐምሌ 6

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ባሏ ጀላል ይባላል። እዚያው ነው የተገናኙት፤ እስላም ነው። ይህን የነገረችኝ ቀን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁባት። መሸሻ ቢኖር «ሰውየው ደግ ነው ወይ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃት ነበር፤ እኔ ግን የሠፈሩን ሰው አፍ ነው ያሰብኩት። ሀያምን ስትወልድም ቶሎ አልተሸነፍኩም። ለብዙ ጊዜ «ልጅቷ» ነበር የምላት። «ልጅቷ ጥርስ አወጣች?» «ልጅቷ ትሄዳለች?» አዲሳለም አንዴ «ስም አላት እኮ እማዬ» አለችኝ። ባለፈው ፋሲካ በስልክ ምስሏን ሳይ ግንባሯ የመሸሻ ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሀያም ናት። ለራሴ እንጂ ለእናቷ ይህን በቅጡ የነገርኳት አይመስለኝም።

በመሸሻ የሽመና ጉድጓድ አሁን የሚሠራው ሸማኔው ኪብሮን ነው። ሚስቱና ልጆቹ ጨንቻ ናቸው፣ ቀን እኔ ቤት ይሸምናል። ከግንቦት ጀምሮ ትርፍ ሰዓት ሲያገኝ ለአራት ዓመት ልጅ የምትሆን ቀሚስ እያዘዝኩት ነበር፣ ለአዲስ ዓመት በሰው ልልክላት። ዛሬ «እትዬ፣ ልቀጥል ወይስ ይቆይ?» አለኝ። ቀጥል አልኩት።

ሐምሌ 12፣ የሚካኤል ዕለት

ደወለች! ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ። ጀላልን ከወንዶች ጋር ሌላ ቦታ ወስደውታል፣ የት እንደሆነ አታውቅም። እሷና ሀያም የሴቶች አዳራሽ ውስጥ ናቸው። ውኃ የሚመጣው በተራ ነው። መጸዳጃው አይነሳ።

«ሀያምስ?»
«ታስላለች እማዬ። ሌሊት ሌሊት ትስላለች። እዚህ ያሉ ልጆች በሙሉ ያስላሉ።»
«በጨርቅ ደረቷን ጠቅልያት።»
«ያንቺ ፈትል ነጠላዬ አለኝ፣ በሱ ነው የምጠቀልላት።»

ተቋረጠ። ነጠላውን ይዛው ነው ባሕሩን የተሻገረችው፤ እኔ ጠፍቷል ብዬ ነበር።

ሐምሌ 19

ስለ ተመላሾች ለመጠየቅ ውጭ ጉዳይ ሄጄ ሙሉ ቀን ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ የምሳ ሰዓት ሆነ። ሰልፍ ላይ የሰማሁት፦

«መጀመሪያ የሚያወጡት ልጅ ያላቸውን ነው።»
«የኔ እህት ልጅ አላት፣ አልወጣችም።»
«ልጅ ግን እዚያ አይበረክትም፣ እግዜር ይጠብቅ።»

የመጨረሻዋን ያለችውን ሴትዮ ዞሬ አየኋት። ክፋት የላትም፣ እሷም የምትጠብቀው ሰው አላት። ግን እስከ ቤቴ ድረስ ስሰድባት መጣሁ።

ሐምሌ 24፣ ረቡዕ

ዛሬ ያየሁትን ልጻፈው።

ዝናቡ ገበያውን ዘግቶት ሽሮ ሜዳ ላስቲክ ስር ተቀምጠን ነበር፣ እኔና አይዳ። አይዳ አጠገቤ ሸማ የምትሸጥ ወጣት ናት፣ ስልኳ ከእጇ አይወርድም። «እትዬ፣ ይሄን ጉድ ይዩት፣ የኛ ሴቶች ናቸው፣ ሳዑዲ እስር ቤት» ብላ አመጣችልኝ። ሰፊ አዳራሽ ነው። ሴቶች መሬት ላይ ተደርድረዋል፣ መርገጫ የለም። ገመድ ላይ የልጆች ልብስ ተሰጥቷል። የምትቀርጸው ሴት ደብቃ ነው መሰለኝ ምስሉ ይወዛወዛል። ጥግ ላይ አንዲት ሴት ግድግዳ ተደግፋ አጎንብሳለች፣ ፊቷ አይታይም። ነጠላ ተከናንባለች። አዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ አንገቷ ጋ፣ እንደ ሐዘንተኛ።

ነጠላው የልጄ ነው። አሥረኛ ክፍልን ስታልፍ መሸሻ የሠራላት፣ ክሩን እኔ የፈተልኩት። ጥለቱን ሊጨርስ ሲል ቢጫው ክር አለቀበትና ዳሩን አንድ ጣት ያህል በአረንጓዴ ጨረሰው። ተበላሸ ብዬ ስጮህበት «አልተበላሸም፣ የትም ቢሄድ የኛ መሆኑ ይታወቃል» አለኝ። አረንጓዴው ይታያል። አይዳን መልሺልኝ አልኳት፣ መለሰችልኝ። አሁንም መልሺልኝ አልኳት።

«የሚያውቁት ሰው አለ እንዴ እትዬ?»
«የለም። ብዛታቸው ገርሞኝ ነው።»

ነጠላ ለብርድ ብሎ የሚያዘቀዝቅ የለም። ሸማኔ ቤት ያደገች ልጅ ደግሞ ተሳስታ አታዘቀዝቅም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእሷ ጋር ያለችው የኔ ወገን ሀያም ብቻ ናት። ሌሊት ሌሊት ትስል ነበር።

ሐምሌ 25

ለማንም አልናገርም።

ዓሊማ ካወቀች ዕድር ያውቃል፣ ዕድር ካወቀ ድንኳን ይተከላል። እናቲቱ ሳትመጣ የልጅ ለቅሶ አይቀመጡም። ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ ከብቦ፣ ሰው ደግፎ ይዞ ነው። አዲሳለም ዝም ብትለኝ ከዚህ የተነሳ ነው፤ እናቴ ብቻዋን ቤት ውስጥ ወድቃ ትቀራለች ብላ ነው። እኔም ብጠይቃት እስር ቤት ውስጥ፣ በሰው ስልክ፣ በአንድ ደቂቃ ልታረዳኝ ነው። እንድታረዳኝ አላደርጋትም። እስክትመጣ አልጠይቅም። ስትመጣ አብረን እናለቅሳለን።

ዛሬ ኪብሮን ከወጣ በኋላ በሩን ቀርቅሬ ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ድምፅ ሳላሰማ አለቀስኩ። ያላቀፍኳት ልጅ እንዲህ ታስለቅሳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ነሐሴ 2

ፍልሰታ ገባ። ደወለች።

«ደህና ነሽ ልጄ? ትበያለሽ?»
«እንበላለን።»
«አይዞሽ፣ የሆነው ሆኗል። አሁን ስለ ሌላው አታስቢ፣ ራስሽን ይዘሽ ነይልኝ።»

ከበስተኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ልቤ በእሷ ፈንታ ቆሰለ፤ በልጅ ጫጫታ መሐል እንዴት ታድራለች? «ራሴን?» አለችኝ። «አዎ የኔ እናት፣ አንቺ ከመጣሽ ይበቃኛል» አልኳት። ስልኩ ተቋረጠ ወይም ዘጋችው።

ጠንካራ ሆኜ ነው የዋልኩት። እንባዬ እንዳይሰማት ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ነሐሴ 6

ኪብሮን ቀሚሷን ጨርሶ ሰጠኝ። ጥለቷ ቢጫ ነው፣ ዳሯን እንደ መሸሻ በአረንጓዴ ዘግቶታል፤ ይህን ሳልነግረው ከድሮ ሸማ አይቶ ነው። «ለልጅቱ ይበቃታል እትዬ?» አለኝ። «እጅህ ይባረክ» ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቤት ውስጥ ላያት አልቻልኩም። ለዓሊማ ወሰድኩላት።

«ለሚሆናት ልጅ ስጪልኝ።»
«ይቺ የሀያም አይደለችም እንዴ?»
«ለሀያም አትሆንም።»
«ልጅ ያድጋል እንጂ አያጥርም፣ አስቀምጪላት ባክሽ።»
«ዓሊማ፣ ውሰጂ ብያለሁ። እኔ ቤት አልፈልጋትም።»

ቀሚሷን ተቀብላ አጣጠፈችና አየችኝ። ያስተዛዘበን ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም።

ነሐሴ 14

ትናንት ቡሄ ነበር። ልጆች በር ላይ ጨፈሩ፣ ሙልሙል ሰጥቼ ዘጋሁ። ዛሬ ደወለች።

«እማዬ፣ የምትጠይቂኝ ነገር የለም?»

እያረዳችኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ። እንድጠይቃትና እንድትተነፍስ ፈልጋ ነው። ኪብሮን ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣ ድጋፍ የሚሆነኝ ሰው የለም፣ እሷም ብቻዋን ናት። አልቻልኩም።

«ምንም የለም ልጄ። ስትመጪ።»
«ስመጣ ምን?»
«ስትመጪ እናወራዋለን።»
«እሺ» አለች። «እሺ» ያለችው እንደ እንግዳ ሰው ነው።

ቀኑን ሙሉ ያቺ «እሺ» ጆሮዬ ላይ ናት። መጠየቅ ነበረብኝ? አይ፣ ልክ ነኝ። ሰው እስር ቤት ተቀምጦ አያረዳም።

ነሐሴ 20

ስልክ የለም።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

ስልክ የለም። ገበያው ለዘመን መለወጫ ደርቷል፤ ከአዲሱ ገበያ፣ ከሸጎሌ ሳይቀር ሰው ለቀሚስ ይመጣል። «ለልጅ የሚሆን አለዎት?» ሲሉኝ «አለቀ» እላለሁ። ከፊታቸው ተሰቅሎ።

ዓሊማ ምን ሆናብኛለች? ሱቋ ስገባ «ምን ልስጥሽ?» ትለኛለች፣ እንደማንኛውም ገዢ። ድሮ ሳልጠይቅ ነበር በርጩማ የምታቀርብልኝ። ዛሬ ስኳር ስገዛ ለአንዲት ደንበኛዋ «እናት ሁሉ እናት አይደለም» ስትል ሰማኋት። የሰው ሐሜት አይመለከተኝም፣ ስኳሬን ይዤ ወጣሁ።

ጳጉሜን 2

ዓሊማ የጓዳዋን ዕቃ አውጥታ ክፍሉን አጠበችው። ፍራሽ አስገባች። ተከራይ ልታስገባ ይሆናል፤ ለጎረቤት ግን ይነገራል። ትናንሽ የላስቲክ ጫማም ከገበያ ይዛ ስትገባ አየኋት። የእህቷ ልጆች ከወሎ ሊመጡ ነው መሰለኝ።

ማታ ቴሌቪዥኗ የአረብኛ የልጆች ፊልም ሲያወራ በግድግዳው ይሰማል። ድምፁን ቀንሺ ብዬ ልመታላት ፈልጌ እጄን መለስኩ። ሐዘንተኛ መሆኔን ስለማታውቅ ምን ይፈረድባታል?

ጳጉሜን 3

ጎህ ሳይቀድ ቧንቧው ጋ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ሰው ስለማይኖር ነጠላዬን እንደተዘቀዘቀ ተውኩት። ባልዲው እስኪሞላ አንገቴን ደፍቼ ቆሜ ስሟን ጠራሁ፣ ለራሴ ብቻ። ቀና ስል የዓሊማ ጓዳ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ተከራይዋ ናት መሰለኝ። ቶሎ ብዬ ገባሁ።

አዲሳለም ለምን አትደውልም?

ጳጉሜን 4

እያበድኩ ነው። ሌሊት የሕፃን ሳል ሰማሁ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር። ተነስቼ መብራት አብርቼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ሳለች። አማተብኩ። ሰው ሐዘኑን ደብቆ ሲይዝ ጆሮው እንዲህ ይሆናል ማለት ነው። ነገ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ።

ጳጉሜን 5፣ ማክሰኞ

ሲመሽ ዓሊማ ሳታንኳኳ ገባች። ነጠላዬን ሳላስተካክል ደረሰችብኝ። በሩ ላይ ቆማ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»
«ማንም።»
«እንግዲያው እውነቷን ነው። ሰው በቁሙ ነው የምታለቅሺው! አላህ አይወደውም ፀጋ፣ ያንቺም አምላክ አይወደውም።»
«ምን እያልሽ ነው?»
«ልጅሽ በመስኮት አየችሽ። ቧንቧው ጋ፣ አዘቅዝቀሽ። ‹እኔን ነው የምታለቅሰው፣ ሞታለች ብላ ቆርጣለች› ብላ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። በወላሂ አስምላኝ ነበር ዝም ያልኩት፣ ከዚህ በላይ አልችልም።»

እኔ የሰማሁት «ልጅሽ» የሚለውን ብቻ ነው።

«አዲሳለም? አዲሳለም እዚህ ነች?»
«የት ትሂድ? ካንቺ ወዲያ ለእኔ ነበር የምትደውለው፤ ኤርፖርት አውርደው ለቀቋት። ልጅ ይዛ መንገድ ላይ ትደር? አንቺ አልፈልጋትም ብለሻል፤ ቀሚሷን እንኳ ከቤትሽ አወጣሽ። ራስሽን ይዘሽ ነይ ብለሻታል። ነሐሴን ሙሉ አንድ ቀን ልጅሽ ደህና ናት ወይ ብለሽ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»
«እንዴት ብዬ ልጠይቃት? አልቅሼ ጨርሻታለሁ እኮ! በቪዲዮ አየሁ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ። የሞተ ልጅ እንዴት ነው ተብሎ ይጠየቃል?»

ዓሊማ አፏን ይዛ ቆመች።

«የቷ ልጅ?» አለችኝ በቀስታ።

በግድግዳው በኩል ሳል ተሰማ። ሁለታችንም ሰማነው።

በጭቃው ላይ በባዶ እግሬ ዞሬ ሄድኩ። አዲሳለም ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ነበር፣ ስታየኝ ተነሳች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ እጇ የሌላ ሰው እጅ ሆኗል። ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ አንዲት ልጅ ተሸሽጋለች። የኪብሮንን ቀሚስ ለብሳለች፣ ረዝሟት መሬት ይነካል። ግንባሯ የመሸሻ ነው።

«ሀያም» አልኳት።

ልጅቱ አልወጣችም፣ አታውቀኝማ። አዲሳለም ግን ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ «ስሟን ጠራሽ» አለች።

መስከረም 1 ቀን 2017

ሁለቱም እኔ ቤት አደሩ። ሀያም አልጋዬ ላይ ናት፣ እያሳለች ተኝታለች። ነገ ሐኪም ቤት እንወስዳታለን። ስለ ጀላል ምንም አልተሰማም። አዲሳለም በተኛችበት ስሙን ትጠራለች፤ እኔም ዛሬ በጸሎቴ ጠራሁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሌሊቱን አወራን። እንድጠይቃት እየጠበቀች ነበር፣ እኔ ደግሞ እንዳላስጨንቃት ዝም እያልኩ። ያን ቪዲዮ አይታው አታውቅም። ስለ ነጠላው ጠየቅኳት።

«ደራርቱ ናት» አለችኝ። «አጠገባችን የምትተኛ። ልጇ ሦስት ቀን አተኩሶት ሞተ። ሌሊት ነበር፣ በሩን ብንደበድብ የሚከፍት አጣን። ጠዋት ወሰዱባት፣ የት እንደቀበሩት እንኳ አልነገሯትም። የምታለቅስበት ጨርቅ አልነበራትም እማዬ። ያንቺን ፈትል ነጠላ አለበስኳት፣ እኔ ነኝ ያዘቀዘቅኩላት። የእሷ ወገኖች ደንብ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የማውቀው የኛን ነው። ስወጣ መልሼ ልቀበላት አልቻልኩም።»

«እሷስ?»
«እዚያው ነች። ልጅ ያላቸው ቅድሚያ ይወጣሉ ሲሉ እሷ አልተጠራችም። ልጅ የላትማ።»

«የልጁ ስም ማን ነበር?»
«ኑሕ። ገና ሁለት ዓመቱ ነው።»

ስለዚህ ያለቀስኩት በከንቱ አልነበረም። ልጁን ተሳሳትኩ እንጂ ሞቱን አልተሳሳትኩም። ሀያም በሕይወት ስላለች ደስታዬ ልክ የለውም፣ ይህን ስጽፍ ደግሞ አፍራለሁ፤ የኔ ደስታና የዚያች ሴት ሐዘን አንድ ነጠላ ነው የለበሱት።

ጎህ ሲቀድ ለውኃ ስነሳ ነጠላዬን ልገለብጠው ያዝኩት። ዘመን መለወጫ ነው፣ ልጄ ገብታለች። ከዚያ እንደነበረ ተውኩት። አዲሳለም ነቅታ ታየኝ ነበር። ተነስታ መጣችና ጥለቱን ትከሻዬ ላይ በደንብ አስተካከለችልኝ።

እስከ ዛሬ ተደብቄ ነበር የማዘቀዝቀው። ዛሬ በትልቁ በር ወጥቼ አስፋልቱ ድረስ ሄድኩ። የአበባየሆሽ ልጆች አይተውኝ ዘፈናቸውን ቀነሱ። አይዳ ከነአዲስ ልብሷ ከታክሲ ወርዳ አገኘችኝ።

«እትዬ፣ ምነው? በዓመት በዓል? ማን ሞተብዎት?»
«ኑሕ የሚባል ሕፃን።»
«ውይ፣ ነፍስ ይማር። የማን ልጅ ነው?»
«የኛ ነው» አልኳት።

አብራኝ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ነጠላዬን ገለበጥኩና ሀያም ሳትነቃ ወደ ቤት ተመለስኩ።